መልስ፦ ቪም ሴሽን ስከፍት ስለ ስዋፕ ፋይል ደጋግሞ ይጠይቀኛል

ወንድሜ፣ ያስቀመጥከውን ሴሽን በከፈትክ ቁጥር የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሙ ቪም ለእያንዳንዱ ፋይል "ስዋፕ ፋይል አለ፣ ምን ላድርግ?" የሚልህ ሴሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ሴሽን የሚይዘው የትኞቹ ፋይሎችና መስኮቶች ክፍት እንደነበሩ ነው። ስዋፕ ፋይል ደግሞ ሴቭ ያላደረግከው ጽሑፍ እንዳይጠፋ ቪም በጎን የሚይዘው ፋይል ነው። ቪም በአግባቡ ሲዘጋ ራሱ ያጠፋዋል፤ ኮምፒውተሩ ድንገት ከጠፋ ወይም ተርሚናሉን (ቪም የሚሠራበትን የትእዛዝ መስኮት) ዝም ብለህ ከዘጋኸው ግን እዚያው ይቀራል።

ቁልፍ ከመንካትህ በፊት መልእክቱን አንብበው። ከፕሮሰስ ቁጥሩ (ፋይሉን የከፈተው ቪም መለያ ቁጥር) ጎን "አሁንም እየሠራ ነው" ካለ፣ ፋይሉ በሌላ ተርሚናል ተከፍቷል፤ ውጣና እዚያ ሥራ። እንዲህ ካላለና "ተቀይሯል" ከሚለው ፊት "አዎ" ካለ፣ ሴቭ ያላደረግከው ጽሑፍ አለህ ማለት ነው። እንዲመልስልህ እዘዘው፣ የመጣውን በሌላ ስም አስቀምጠህ ከዋናው ጋር አስተያየው። ከዚያ ስዋፕ ፋይሉን ራስህ አጥፋው! ቪም ጽሑፉን ከመለሰልህም በኋላ አያጠፋልህም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፣ ጥያቄውም ተመልሶ ይመጣል። "ተቀይሯል" ከሚለው ፊት "አይ" ካለ ግን ስዋፕ ፋይሉን ያለ ስጋት ሰርዘው።

ስዋፕን ጭራሽ ዝጋው የሚሉህን አትስማ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያድንህ እሱ ነው። ሁለት ሴሽኖች አንድ ፋይል የሚጋሩ ከሆነ ግን ፋይሉን ከአንደኛው ዝጋና ሴሽኑን እንደገና አስቀምጠው።