መስሚያው ለብቻ፣ መላኪያው ለብቻ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ዳር ነው። በ80 እና በ40 ሜትር የሞገድ ባንድ አማተር ራዲዮ እሠራለሁ። ራዲዮዬ አይኮም አይሲ 7300 ነው። አንቴናዬ ሁለት ባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለ ዳይፖል (ከመሃሉ ኬብል የሚወጣለት የሽቦ አንቴና) ነው። ማታ ማታ ስጣራ ብዙ ሰው እንደሚሰማኝ በኋላ በቴሌግራም ይነግሩኛል፣ እኔ ግን ከጫጫታው ብዛት እነሱን መለየት አቃተኝ። ለመስሚያ ብቻ ሌላ አንቴና ልዘርጋ ብል ራዲዮው ያለው አንድ የአንቴና መሰኪያ ብቻ ነው። ሁለቱን በቲ ማገናኛ ባንድ ላይ ብሰካቸውስ?

መልስ፦ አደራህን ወንድሜ፣ ቲውን ተወው! ራዲዮህ 100 ዋት ይልካል። በቲ ካገናኘኸው ከኃይሉ ከፊሉ ወደ መስሚያው አንቴና ሄዶ እዚያ ያሉትን ትንንሽ ዕቃዎች ያቃጥላቸዋል፣ ማጉያ ካስገባህበት ደግሞ እሱን እርሳው። ምንም ባይቃጠል እንኳ ዳይፖሉ የሚሰበስበው ጫጫታ አብሮ ይገባል። ታዲያ ምን አተረፍክ?

እንደ አይሲ 7610 እና ኬንዉድ ቲኤስ 590 ያሉት ራዲዮዎች ለመስሚያ የተለየ መሰኪያ አላቸው። ትሰካለህ፣ ትመርጣለህ፣ አለቀ። ስትልክ ራዲዮው ራሱ ይለየዋል። ላንተ ግን ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ራዲዮውን ከፍቶ የውስጡን የመስሚያ መስመር ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ለዚሁ የተሠራ ዕቃ ውጭ አገር ይሸጣል፣ ግን ብየዳ ላይ እጅህ ካልሠለጠነ እኔ አልመክርህም። ሌላው ከውጭ በሪሌይ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሚዞር ማብሪያ) የሚሠራ ሳጥን ነው፣ እኔ የምመርጥልህ ይህንን ነው።

ሳጥኑ በራዲዮውና በዳይፖሉ መካከል ይገባል። ሪሌዩን ኃይል ሳያገኝ ራዲዮውን ከዳይፖሉ ጋር እንዲያገናኝ፣ 12 ቮልት ሲያገኝ ደግሞ ወደ መስሚያው እንዲዞር አድርገህ እሰረው። በተቃራኒው ካሰርከው ባትሪው የደከመ ቀን 100 ዋቱን ወደ መስሚያው ትልከዋለህ። ትእዛዙን የምታገኘው ከራዲዮው ጀርባ ሴንድ ከሚለው ትንሽ ክብ መሰኪያ ነው። ስትልክ ይህ ከአርዱ ጋር ይገናኛል። አንዲት ትራንዚስተር አስገባና ሴንድ አርድ ሲነካ ሪሌዩ ኃይል እንዲያጣ አድርግ። አንድ ክፍተት ግን አለው፣ የሴንዱ ሽቦ ተነቅሎ ከሆነ ሪሌዩ መላክህን አያውቅም። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ኃይሉን ዝቅ አድርገህ ሞክር፣ ሪሌዩ ወደ ዳይፖሉ መዞሩን ስታረጋግጥ ከፍ አድርግ። በመስሚያው መስመር ላይ በተከታታይ አንዲት ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ብትጨምር ደግሞ የተሳሳተ ኃይል ሲመጣ እሷ ትቃጠልልሃለች፣ ርካሽ ጠባቂ ናት።

ሪሌይ ለመዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ሜኑ ውስጥ ቲኤክስ ዲሌይ (የመላኪያ መዘግየት) የሚለውን ፈልግና ከፍ አድርገው፣ ኃይሉ ሪሌዩ ዞሮ እስኪጨርስ ይጠብቅ። በሞርስ የምትሠራ ከሆነ ፉል ብሬክ ኢኑን፣ በየነጥቡና በየሰረዙ መሃል ወደ መስማት የሚመልሰውን፣ አጥፋው።

አንቴናውስ? ገጠር ዳር ስላለህ ዕድለኛ ነህ። መሬት ካለህ ቤቨሬጅ ዘርጋ፣ አሜሪካዊው ሃሮልድ ቤቨሬጅ በ1921 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበትን ማለቴ ነው። ከመሬት ዝቅ ብሎ የሚዘረጋ ረጅም ሽቦ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ለ80 ሜትር ባንድ ቢያንስ 80 ሜትር ይርዘም፣ ከቻልክ ጨምር። ጤፉ ታጭዶ መሬቱ ባዶ ሲሆን ዘርጋው፣ ግን በሬና ጭነት የሚያልፍበት ቦታ ላይ 3 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ አለበለዚያ ከጎረቤት ጋር ትጣላለህ። በሩቁ ጫፍ 450 ኦም ገደማ ሬዚስተር አድርገህ አርድ ላይ እሰረው፣ የካርቦን ይሁን እንጂ ከሽቦ የተጠመጠመ አይሁን። አንተ ባለህበት ጫፍ ደግሞ ሽቦውን ከኬብሉ ጋር የሚያስማማ 9 ለ 1 ትራንስፎርመር ታስገባለህ። የሚሰማው ወደ ሬዚስተሩ በኩል ነው። ከጎጃም አውሮፓ በሰሜን ምዕራብ ስለሆነ ጫፉን ወደዚያ አዙረው፣ አሜሪካም በዚያው አቅጣጫ ይመጣልሃል።

ስትሰካው ኤስ ሜትሩ (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያው) ቁልቁል ይወርድና ትደነግጣለህ። አትደንግጥ። የሚጠራህ ሰው ድምፅ ደከመ፣ ጫጫታው ግን ከእሱ ይበልጥ ደከመ። ከገበያ መሃል ወጥቶ ጥግ ላይ እንደማውራት ነው። ቁጥሩን ተወውና ቃሉን መለየት መቻልህን ብቻ እይ። አሁንም ድምፁ ካነሰህ የራዲዮውን ፕሪአምፕ (የውስጥ ማጉያ) አብራ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክር። ራዲዮውን በባትሪ አድርግና የቤትህን ቆጣሪ አጥፋ። ጫጫታው ጸጥ ካለ ጥፋቱ የስልክ ቻርጀር ወይም ኤልኢዲ አምፖል ነው፣ ሽቦ ከመዘርጋትህ በፊት እሱን ጣለው። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲሰማ ሁለቱንም አንቴና ነቅለህ ከቤት ውጭ ተዋቸው።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ ነኝ። ለመስሚያ አንቴና የዲሽ ኬብል ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ በደንብ! ኬብሉ 75 ኦም፣ ራዲዮው 50 ኦም ነው፣ ግን ለመስማት ልዩነቱ አይታወቅህም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የኬብሉ ሽፋን ራሱ አንቴና ሆኖ የቤቱን ጫጫታ ይጎትታል፣ ስለዚህ ፌራይት በሚባለው ጫጫታ የሚያፍን ቀለበት ላይ ደጋግመህ ጠምጥመው። ውጭ ያለውን መገጣጠሚያ ውሃ እንዳይገባው በላስቲክ ፕላስተር ጠቅልለው። ራዲዮው ላይ ለመሰካት ማስማሚያ ያስፈልግሃል። ከአዲስ አበባ ሲያመጡልህ ሁለት አስገዛ፣ አንዷ መጥፋቷ አይቀርም።