አባላቱ በዝተው አንባቢ የጠፋበት ቻናል

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። የቴሌግራም ቻናሌ ስምንት ሺህ ገደማ አባላት አሉት። በየቀኑ አሥር ያህል ፎቶ ብለጥፍም አንዱን ፎቶ የሚያየው ሰው ከጥቂት መቶ አይበልጥም። በሌላ በኩል ዋሽንግተንና ሪያድ ያሉ ነባር ደንበኞቼ «አዲስ ነገር ስታመጪ ለምን አትነግሪንም?» እያሉ ይወቅሱኛል። በዋትስአፕ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልእክት ስልክ ደግሞ ለአንዳንዶቹ አይደርስም። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ከጻፉልን ሁሉ ክብደት ልሰጠው የምፈልገው ለነባር ደንበኞችዎ ወቀሳ ነው። ልብስዎን ገዝተው የለበሱና ተመልሰው «ለምን አትነግሪንም?» የሚሉ ሰዎች ካሉዎት፣ በአንድ ጊዜ ለብዙዎች የሚላክ መልእክት የሚጠቅመው በመጀመሪያ ለእነርሱ ነው። አሁን የሚከተሉት አሠራር ግን የሚያርቀው እነርሱኑ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ስልኩ የሚጮህበት ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ከቻናሉ አይወጣም፤ የቻናሉን ድምፅ ያጠፋና ይረሳዋል። ከዚያ በኋላ በአባላት ቁጥር ውስጥ ይቆጠራል እንጂ የሚልኩለትን አያይም። አባላቱን ያሰባሰቡት ደግሞ ሰው ለጋበዘ የሞባይል ካርድ በመሸለም ከሆነ፣ ብዙዎቹ የመጡት ለካርዱ ስለሆነ ልብስ ቢያሳዩአቸው ባያዩት አይገርምም።

ስለዚህ ያለውን ቻናል እንደ ሱቅ መስኮት ለሁሉም ክፍት አድርገው ይተዉትና፣ ከዚህ በፊት ለገዙ ሰዎች ብቻ መግቢያው በግል የሚላክ ሁለተኛ ቻናል ይክፈቱ። ሁለት መቶ ሰው ብቻ ቢገባበት አይዘኑ፤ ከሁለት መቶዎቹ ሠላሳው መልስ የሚጽፉ ከሆነ ከስምንት ሺሁ ይልቅ ሱቅዎን ደግፈው የሚያቆሙት እነርሱ ናቸው። በዚህ ቻናል በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ አይላኩ። ቴሌግራም መልእክትን አስቀድሞ ጽፎ በተወሰነ ሰዓት እንዲላክ ማድረግና ያለ ድምፅ መላክ ስለሚፈቅድ ይጠቀሙበት። የሪያድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ ዋሽንግተን ግን እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደኋላ ስለምትዘገይ፣ እርስዎ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የላኩት እዚያ ያለችውን ደንበኛ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳታል። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ቢልኩት ግን ለሦስቱም ከተሞች ይስማማል።

ምን ይላክ ለሚለው፣ የእርስዎ ሥራ ከብዙ ነጋዴዎች የተሻለ ዕድል አለው። በእጅ የሚሸመን ልብስ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሸማኔው እጅ በበዓል ሰሞን ይጨናነቃል፤ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ የመላኪያው ጊዜ ይጨመርበታል። ለነባር ደንበኛ ትልቁ ስጦታ ቅናሽ ሳይሆን ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የትእዛዝ መቀበያው መቼ እንደሚዘጋ ከሌላው ሰው ቀድሞ ማወቁ ነው። ሸማኔው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ወይም ሦስት የጥለት ቀለሞችን አሳይተው ድምፅ ያሰጧቸው፤ የተመረጠውንም በእርግጥ አሠርተው መልሰው ያሳዩአቸው። ድምፅ አሰጥቶ ሌላ ነገር ማምጣት ጨርሶ ካለመጠየቅ ይብሳል። ዋጋውንም ከፎቶው ሥር ይጻፉት። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ገዢውን ያሳፍራል፣ ያጠራጥራል፣ ያደክማል፤ ለሚያምንዎት ደንበኛ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

የዋትስአፕ ችግርዎ መንስኤው ቀላል ነው። በዋትስአፕ የብሮድካስት ሊስት (አንድን መልእክት ለብዙ ሰው በየግሉ በሚልከው ዝርዝር) የሚላክ መልእክት የሚደርሰው የእርስዎን ቁጥር በስልኩ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ በአንድ ሊስትም ከ256 ሰው በላይ አይገባም። ልብሱን ሲያስረክቡ «ቁጥሬን መዝግቢልኝ» ማለት ወይም በጥቅሉ ውስጥ ቁጥርዎን የያዘች ትንሽ ካርድ መጨመር ይበቃል። ዋትስአፕም ሆነ ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2023 የየራሳቸውን ቻናል ጀምረዋል። በኢንስታግራም ለመጀመር ካሰቡ፣ ተከታዮችዎ የመቀላቀያ ጥሪ የሚደርሳቸው የመጀመሪያውን መልእክት ሲልኩ ስለሆነ፣ ያንን ዕድል በባዶ ሰላምታ አያባክኑት።

መልእክቱ ከአንድ ወገን ይውጣ እንጂ መልሱን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። በቴሌግራም ቻናሉን ከመወያያ ግሩፕ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ለጥያቄ በዕለቱ የሚመልስ ሰው ከሌለዎት ባይከፍቱት እመርጣለሁ፤ ሳይመለስ የቀረ የደንበኛ ጥያቄ ለሌሎቹም ይታያል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልጨምር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል በአገራችን ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እንደነበር አይዘነጋም። ደንበኞቹን የሚያገኘው በቻናል ብቻ የነበረ ነጋዴ ያኔ መንገዱ ተዘግቶበታል። የነባር ደንበኞችዎን ስምና ስልክ ፈቃዳቸውን ጠይቀው በራስዎ መዝገብ ይያዙ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ መጠየቅ ከጨዋነት ያለፈ ጉዳይ ነው፤ መዝገቡንም ለጎረቤት ሱቅ አሳልፈው አይስጡ።

ለአዲሱ ቻናል የመጀመሪያ መልእክት እንዲህ ቢጽፉ ይበቃል፦ «ይህ ቻናል ከዚህ በፊት ከእኛ ለገዛችሁ ብቻ የተከፈተ ነው። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ አንልክም። ዋጋው ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ይጻፋል። ለጥምቀት ትእዛዝ የምንቀበለው እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። መውጣት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ቅር አንሰኝም።»