ላስቀምጠው ወይስ ልስጠው? በዲቴክተር ስለተገኙ ነገሮች ጥያቄና መልስ

ብረት ጠቋሚውን፣ ብዙዎቻችን ዲቴክተር የምንለውን መሣሪያ ይዤ ማሳና የባሕር ዳርቻ መዞር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሰዎች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ መሣሪያው ዓይነት አይደለም። "ይህን አገኘሁ፤ ምን ላድርገው?" ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደረሰኝ፤ የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ የወርቅ ቀለበት አገኘሁ። ውስጡ ሁለት ፊደልና ቀን ተቀርጾበታል። ሰባት ወር ሆነው፤ የጠየቀኝ ሰው የለም። አሁን የእኔ ነው ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ማን ይጠይቅህ? ቀለበቱ የጠፋበት ሰው አንተ ጋ እንዳለ በምን ያውቃል? ሰባት ወር ዝም ብሎ መጠበቅ ባለቤቱን መፈለግ አይደለም።

መጀመሪያ ለፖሊስ ወይም የጠፋ ዕቃ ለሚቀበል ክፍል አስመዝግብ። በብዙ አገሮች ይህ የሕግ ግዴታ ነው። የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ ባለቤቱ ካልመጣ ለአንተ የሚመለስበት አሠራርም ብዙ ቦታ አለ። ያኔ ጣትህ ላይ ብታደርገውም ልብህ አይቆረቁርህም።

ከዚያ ራስህም ፈልግ። ማስታወቂያ ስታወጣ ግን ሁሉንም አትዘርግፍ። "እዚህ ዳርቻ የወርቅ ቀለበት ተገኝቷል" ካልክ ይበቃል። ፊደሎቹንና ቀኑን ለራስህ ያዝ፤ የውስጡን ፎቶም አትልጠፍ። የእኔ ነው የሚል ሲመጣ ምን እንደተጻፈበት እሱ ይንገርህ።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቀለበት አግኝቼ ነበር። ማስታወቂያውን አይታ የደወለች ሴት መጣች። ፊደሎቹን ከመጠየቄ በፊት "አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ብሏል፤ ባለቤቴ የመኪና በር ላይ ቀርቅሮት ነው" አለችኝ። እውነትም አንድ ጎኑ ተጨፍልቋል። እኔ ደግሞ አካፋዬ የነካው መስሎኝ ስጸጸት ነበር የሰነበትኩት። ባለቤቷ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቀለበቱን አላጠለቀችውም። መዳፏ ላይ አድርጋ ያንን የተጨፈለቀ ጎን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

ወሮታ ይሰጡኝ ይሆን ብለህ ጠይቀሃል። ከሰጡህ ተቀበል፤ ምንም ነውር የለውም። ቀለበቱን ይዘህ መደራደር ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ አንድ ማሳ ላይ በአንድ ክንድ ስፋት ውስጥ አምስት የብር ሳንቲሞች አወጣሁ። መሣሪያው አሁንም ይጮኻል። ባለመሬቱ ፈቅዶልኛል። ጨርሼ አውጥቼ ላሳውቅ ወይስ ከአሁኑ?

መልስ፦ አካፋውን አስቀምጥ። ከአሁኑ አሳውቅ።

አምስት ሳንቲም በአንድ ቦታ ከወጣ፣ ከኪስ የተንጠባጠበ ሳይሆን ሰው አስቦበት የቀበረው ሊሆን ይችላል። በምን ተጠቅልሎ ነበር? ከሥሩ ሸክላ አለ? የቱ ከላይ፣ የቱ ከታች ነበር? ይህን ሁሉ የሚናገረው አፈሩ ነው። አንዴ ከተገለበጠ ደግሞ መልሰህ አታስተካክለውም።

በ1992 እንግሊዝ ውስጥ ሆክስን በምትባል መንደር ኤሪክ ሎዝ የተባለ ሰው ገበሬ ወዳጁ የጠፋበትን መዶሻ ሊፈልግለት ዲቴክተሩን ይዞ ወጣ። ያገኘው የሮማውያን ዘመን ወርቅና ብር ሆነ። የተወሰነውን ካወጣ በኋላ ሁኔታው ሲገባው ቁፋሮውን አቁሞ አሳወቀ። አርኪዮሎጂስቶች በማግስቱ መጥተው የቀረውን በሥርዓት አነሡት። 15,000 ገደማ ሳንቲም፣ በዚያ ላይ የወርቅ ጌጣጌጥና የብር ማንኪያዎች ወጡ። ትልቁ ነገር ግን ዕቃው በሣጥን ውስጥ እንዴት ተደርድሮ እንደነበር መታወቁ ነው። እሱ ሁሉንም ጠራርጎ ቢሆን ኖሮ ይህን ማንም አያውቀውም ነበር። መዶሻውም ተገኝቶ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ።

ተቃራኒውን ደግሞ ተመልከት። በ1999 ጀርመን ውስጥ ኔብራ አጠገብ ሁለት ሰዎች ያለ ፈቃድ ሲፈልጉ አንድ የነሐስ ዝርግ ሳህን አወጡ። ስፋቱ 32 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ላዩ ላይ ጨረቃና ከዋክብት በወርቅ ተለብጠውበታል። የተቀበረው ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በችኮላ ሲቆፍሩ ጠርዙን ጎዱት፤ ከወርቁም ቆርሰው ጣሉ። ከዚያ ለነጋዴ በ31,000 ማርክ ሸጡት። በ2002 የስዊዘርላንድ ፖሊስ ባዝል ውስጥ ገዢ አስመስሎ ወጥመድ ዘርግቶ ያዘው። አግኚዎቹ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሳህኑ አሁን ሐለ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ጠባሳው ግን አብሮት ይኖራል።

ስለዚህ አምስቱን ሳንቲሞች ሳትፈትግ ለየብቻ ከረጢት ውስጥ አድርግ። ቦታውን በስልክህ ጂፒኤስ መዝግብ። ጉድጓዱን ፎቶ አንሣና በቀስታ አልብሰው። ለባለመሬቱ ዛሬውኑ ንገረው። ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አትበል፤ ሌሊት መብራት ይዘው የሚመጡ አሉ።

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን የማስቀመጥ መብት አለኝ ወይስ የለኝም? ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ እንደየአገሩ ነው፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከ300 ዓመት በላይ የቆየና ቢያንስ 10 በመቶ ወርቅ ወይም ብር ያለበት ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መታወቅ አለበት። ለብቻው የተገኘ አንድ ሳንቲም ብዙውን ጊዜ በዚህ ውስጥ አይገባም። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ወርቅም ብርም ባይሆን ከ200 ዓመት በላይ የሆነውና ለታሪክ ልዩ ትርጉም ያለው የብረታ ብረት ዕቃ ተጨምሯል። ዴንማርክ ውስጥ ሕጉ የመንግሥት ናቸው የሚላቸውን ጥንታዊ ዕቃዎች ለብሔራዊ ሙዚየም ታስረክባለህ፤ ወሮታ ይከፈልሃል። አየርላንድ ውስጥ ያለ ፈቃድ ጥንታዊ ዕቃ በዲቴክተር መፈለግ ራሱ ወንጀል ነው።

የአንተን አገር ሕግ ሳታነብ መሣሪያውን አትክፈት። ለማንበብ አንድ ከሰዓት ቢፈጅብህ ነው።

ጥያቄ፦ ከባለመሬቱ ጋር "እኩል እንካፈላለን" ብለን በቃል ተስማምተን ነበር። አሁን የወርቅ ጌጥ ሲወጣ "መሬቱ የኔ ነው፤ ሁሉም የኔ ነው" አለኝ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያስቆጣል፤ እረዳሃለሁ። ግን ቁጣህ ጌጡን አያመጣልህም። በአንዳንድ አገር ሕግ መሬት ውስጥ ያለ ነገር፣ መንግሥት የማይወስደው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባለመሬቱ ነው። ለአንተ መከራከሪያ የሚሆንህ ስምምነትህ ነበር፤ እሱም በቃል ቀረ።

እኔ ብሆን ሁለታችንም የምናከብረው ሽማግሌ ፈልጌ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። ጌጡ መታወቅ ያለበት ከሆነ አብረን ሄደን እናሳውቃለን። ወሮታ የሚከፈልበት አገር ከሆነ ድርሻው እዚያው ይወሰናል። በ2009 ስታፎርድሸር ውስጥ የተገኘው የአንግሎ ሳክሰን (የጥንት እንግሊዝ ሕዝብ) ወርቅ 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተተምኖ ለአግኚውና ለባለመሬቱ እኩል ተካፍሏል። ሁለቱ ሰዎች ግን በኋላ መኮራረፋቸው በጋዜጣ ወጥቷል። እኩል መካፈልም ለብቻው ፍቅር አያቆይም።

ለሚቀጥለው፣ መሬት ከመርገጥህ በፊት አንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ምን ይካፈላል፣ ምን ለባለመሬቱ ይቀራል፣ ማን ያሳውቃል፤ ሦስቱን ካሰፈራችሁ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ያረጀ የነሐስ ዘለበት ይዤ ሙዚየም ሄጄ ነበር። አይተው፣ መዝግበው፣ "ውሰጂው" አሉኝ። ያን ያህል ዋጋ ቢስ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። እንዲያውም ትልቁን ነገር ወስደውልሻል። የት እንደተገኘ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን መዝግበዋል። ሙዚየሞች መጋዘናቸው ሞልቷል። መቶ ተመሳሳይ ዘለበት ያለው ሰው መቶ አንደኛውን አይወስድም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ይህን የሚሠራው ምዝገባ ከ1 ሚሊዮን በላይ ዕቃ መዝግቧል፤ አብዛኛው ወደ አግኚው ነው የተመለሰው።

ብዙ ሰው "ላስቀምጠው ወይስ ልስጠው" ሲል መሐል ላይ ይህ ሦስተኛ መንገድ መኖሩን አያውቅም። ዕቃው አንቺ ጋ፣ እውቀቱ ለሁሉም። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከእኔ ጋር ስትፈልግ የጥንት ሳንቲም አገኘች። "ሙዚየም ይሁን፣ ሁሉም ልጅ ይየው" ትላለች። እኔ ደግሞ ስታድግ እንድታየው ላስቀምጥላት ፈለግኩ። ልፍቀድላት?

መልስ፦ ያገኘችው እሷ ናት፤ ባለመሬቱና ሕጉ ከፈቀዱ እሷን ስማት። ግን ከመስጠትህ በፊት ፊት ለፊት ጠይቅ፦ ለእይታ ይቀርባል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ይገባል? ለዘለዓለም ስጦታ ነው ወይስ በውሰት? የሰጡትን መልሶ መጠየቅ አይቻልም፤ ያዋሱት ግን በውሉ መሠረት ይመለሳል። መዝገቡ ላይ የእሷ ስም እንዲገባ ጠይቅ። ሳንቲሙን በሁለት በኩል ፎቶ አንሥተህ አትምላት። ያ ፎቶ አልጋዋ አጠገብ ይሰቀል። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

ጥያቄ፦ ሳንቲሙን ለወንድሜ ልሰጠው ነው። መጀመሪያ በሎሚና በብሩሽ ላጽዳው?

መልስ፦ እባክህ አታድርግ። እኔ በጀማሪነቴ አንድ የመዳብ ሳንቲም በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ፊቱን አጥፍቼዋለሁ። ከብሩሹ በፊት የንጉሡ አፍንጫና ጢም ይታይ ነበር። ከብሩሹ በኋላ የሚያብረቀርቅ ክብ ብረት ቀረ። ምስሉ የነበረው እኔ ቆሻሻ ባልኩት አረንጓዴ ሽፋን ላይ ነበር። ወርቅ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ብታለቀልቀው ብዙ አይጎዳም። ሌላውን ሁሉ ባለሙያ ይየው።

ጥያቄ፦ የጦርነት ጊዜ የመድፍ ጥይት አገኘሁ። ጫፉ አለ። ቤት መደርደሪያ ላይ ላድርገው?

መልስ፦ አትንካው። ካነሣኸውም ተወው፤ ራቅ፤ ለፖሊስ ደውል። አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት የቆየ ፈንጂ አይሞትም፤ አንዳንዱ እንዲያውም እያደር ይብስበታል። ይህ ለመደርደሪያም ለስጦታም አይሆንም።

ጥያቄ፦ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳልያ አገኘሁ። የእንግሊዝ ይመስላል። ቤተሰብ መፈለግ ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ ይቻላል። ጠርዙን ዙሪያውን በአጉሊ መነጽር እየው። የዚያ ጦርነት የእንግሊዝ የአገልግሎት ሜዳልያዎች ላይ የወታደሩ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና ክፍለ ጦር ተቀርጿል። ያንን ይዘህ ከወታደር መዛግብት ትጀምራለህ። ቤተሰቡ ከተገኘ ስጥ እልሃለሁ። አንተ ጋ ዕቃ ነው፤ እነሱ ጋ አያት ነው። ግን አፈሩ ውስጥ አጥንት ካየህ ቁፋሮውን አቁም፤ መጀመሪያ ፖሊስ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ዝም ብለህ ሽጠው፣ ማን ያውቃል" ትለኛለች። ኑሮ ከብዶናል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ኑሮ ሲከብድ እንዲህ ማሰቧ አይፈረድባትም። ግን ሁለቱን ታሪክ አብራችሁ አንብቡት።

በ2015 እንግሊዝ ውስጥ ሄሬፎርድሸር ላይ ሁለት ሰዎች የቫይኪንግ (ከሰሜን አውሮፓ በባሕር ይመጡ የነበሩ ወራሪዎች) ዘመን ሀብት አገኙ። ሳያሳውቁ በየነጋዴው ሸጡት። ስልካቸው ላይ የሰረዙት ፎቶ ተገኘ። በ2019 ዓመታት እስር ተፈረደባቸው። 300 ገደማ ሳንቲም ነበር ተብሎ ከሚገመተው ውስጥ እስከ ፍርዱ ድረስ የተመለሰው 31 ብቻ ነበር።

በዚያው በ2015 ኦክስፎርድሸር ላይ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ሀብት አገኘ። አሳወቀ። ባለሙያዎች ከነአፈሩ አነሡት። በ2017 የኦክስፎርዱ አሽሞሊያን ሙዚየም በ1.35 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው።

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሁለት ሮማውያን ንጉሠ ነገሥታት ምስል ጎን ለጎን የተቀረጸባቸው ሳንቲሞች ነበሩ። የጥንት እንግሊዝ ሁለት ነገሥታት፣ የዌሴክሱ አልፍሬድና የመርሺያው ቼዎልዉልፍ፣ ገንዘባቸውን በዚህ አንድ መልክ አሳትመው ነበር። የጥንቱ ዜና መዋዕል ይህን ሁለተኛውን ንጉሥ የቫይኪንጎች አሻንጉሊት አድርጎ ነው የጻፈው። ሳንቲሞቹ ደግሞ ሁለቱ አጋሮች እንደነበሩ አሳዩ። ከሄሬፎርድሸር ጠፍተው የቀሩት ምን ይሉን እንደነበር ማንም አይነግረንም።

ሕጉ የሚፈቅድልህ ከሆነ አሳውቀህ፣ ወረቀት ይዘህ ሽጥ። ወረቀት ያለው ዕቃ በዋጋም ይሻላል። ለባለቤትህም ይህንኑ ንገራት።

ጥያቄ፦ እኔ አርጅቻለሁ። ሃያ ሣጥን ሙሉ አለኝ። ልጆቼ ግድ የላቸውም። ከእኔ በኋላ ምን ይሆናል?

መልስ፦ አባቴ፣ ዛሬ ማታ ከአንዱ ሣጥን ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ትንሽ ከረጢት፣ በውስጡ ትንሽ ካርድ። ካርዱ ላይ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ፣ የማን መሬት። በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ እየቆየ ይደበዝዛል። ቦታውን የሚያስታውሱት እርስዎ ብቻ ነዎት። ካርድ የሌለው ሣጥን ለልጆችዎ ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ካርድ ያለውን ግን ሙዚየምም ዩኒቨርሲቲም ተቀምጦ ያየዋል። የማያስታውሱት ካለ "አላስታውስም" ብለው ይጻፉ፤ ገምተው አይሙሉ። ሃያው ሣጥን ከበዛብዎት የሠፈር ተማሪ ይጥሩ፤ እርስዎ ይናገሩ፣ እሱ ይጻፍ።