ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅን ስለ መውሰድ፦ ከቱሉ ዲምቱ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚገኘው የሴቶች ዕድራችን ባለፈው ቅዳሜ ከቡና በኋላ አባላቱ የፈለጉትን እንዲጠይቁኝ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በማዋለጃ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነርስ በመሆኔ የሕፃናት ጥያቄ ይበዛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን በሙሉ ማለት ይቻላል ስለ ማረጥ ነበር። ላልተገኙት አባላት እንዲደርስ በተጠየቅሁት መሠረት የጠያቂዎቹን ስም ሳልጠቅስ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው፤ የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ ጋቢውን ጥዬ መስኮት ስከፍት ባለቤቴ «በዚህ ብርድ!» ይለኛል። ሆርሞን ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምቼ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ መነሻ አለው፣ እህቴ። በአሜሪካ ከ16,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ኤስትሮጅንን (ሲያርጡ የሚቀንሰውን የሴት ሆርሞን) እና ፕሮጄስቲንን (ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላውን የሴት ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት) አንድ ላይ በሚወስዱት ዘንድ ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ ስለ ታየ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደርጓል። ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ ቁጥሩ ግን ወደ ኋላ ቀረ። ከ10,000 ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የተያዙት መድኃኒቱን ካልወሰዱት ወገን 30፣ ከወሰዱት ወገን 38 ነበሩ፤ ስትሮክ ከ21 ወደ 29፣ ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋት ደግሞ ከ8 ወደ 16 ከፍ ብሏል፤ የዳሌ አጥንት ስብራት በአንጻሩ ከ15 ወደ 10 ወርዷል። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 እንደ ነበረም ልብ ይበሉ፤ ከእርስዎ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጣሉ ማለት ነው። ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላት፣ የሚከለክል ሕመም ለሌለባትና ላቡ እንቅልፍ ለነሣት ሴት ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ ያመዝናል፤ ለዚህ ዓይነቱ ላብና ሙቀትም ከኤስትሮጅን የተሻለ መድኃኒት የለም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ኤስትሮጅን ብቻውን ትወስዳለች። ከእሷ ተካፍዬ ልሞክረው?

መልስ፦ አይሞክሩት፤ ይህንንም የምለው ለደንቡ ያህል አይደለም። ጎረቤትዎ ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከሆነ ኤስትሮጅን ብቻውን ይበቃታል። ማኅፀን ያላት ሴት ግን ለብቻው ለረጅም ጊዜ ከወሰደችው የማኅፀኗ ውስጠኛ ግድግዳ እየወፈረ ሄዶ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ይህን የሚከላከል ፕሮጄስትሮን ወይም ፕሮጄስቲን ይጨመርላታል። በዚያው ጥናት ማኅፀናቸው ወጥቶ ኤስትሮጅንን ብቻ በወሰዱት ሴቶች ላይ ስትሮክ ቢጨምርም የጡት ካንሰር አልጨመረም። ሁሉንም «ሆርሞን» ብለን በአንድ ስም ስንጠራው የምበሳጨው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በምትኩ የወሊድ መከላከያ እንክብል ብወስድስ?

መልስ፦ በውስጡ ያለው ኤስትሮጅን ለማረጥ ከሚሰጠው የበረታ ነው፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥርም ደም የማርጋት አደጋው ይጨምራል። አይሆንም።

ጥያቄ፦ ደም ግፊት አለብኝ። ተከልክያለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ግፊቱ በመድኃኒት ከተስተካከለ በጭራሽ አይወሰድም አይባልም። የሚዋጠው እንክብል አስቀድሞ በጉበት ውስጥ ስለሚያልፍ ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች ያበዛል፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው በዚያ መንገድ ስለማያልፍ ለእንደ እርስዎ ያለች ሴት ይመረጣል። የጡት ካንሰር፣ ስትሮክ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም በእግር ደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት የደረሰባት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት ግን መጀመር የለባትም።

ጥያቄ፦ (ይህን የጠየቁኝ አንዲት እናት ሰው ከተበተነ በኋላ በጆሮዬ ነው።) ከባለቤቴ ጋር መገናኘት ሕመም ሆነብኝ፤ ሽንቴም ደጋግሞ ያቃጥለኛል።

መልስ፦ ኤስትሮጅን ሲቀንስ የብልት ቆዳ ይሳሳል፤ ይደርቃልም። ለዚህ በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ወይም የሚቀባ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን አለ፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቀደም ሲል የተናገርሁት አደጋ በዚህ ላይ አልታየም፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መመላለሱንም ይቀንሳል። ከሁሉም ቀላሉ ሕክምና ይኸው ሆኖ ሳለ ስለሚያሳፍር ብቻ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ እርስዎ መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል።

ጥያቄ፦ ተልባስ?

መልስ፦ ለሆድ ድርቀት ደኅና ነው። ላቡን በማስቆም ረገድ ግን መድኃኒት ከሌለበት ማነጻጸሪያ በልጦ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ በ38 ዓመቴ ሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎቼ በቀዶ ሕክምና ወጥተዋል። እኔም ልፍራ?

መልስ፦ የአንቺ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ልጄ። ሰውነትሽ እስከ 50 ዓመት ገደማ ሊያገኘው ይገባው የነበረውን ኤስትሮጅን ነው ያጣው፤ ካልተተካ አጥንትሽ ቶሎ ይሳሳል፣ ልብሽም ይጎዳል። የሚከለክል ሕመም ከሌለ ቢያንስ እስከ ተፈጥሯዊው የማረጫ ዕድሜ ድረስ እንዲወሰድ ይመከራል፤ የ63 ዓመት ሴቶች ውጤት ለአንቺ መለኪያ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ሰባ ሞልቶኛል። ለአጥንቴና ለመርሳቱ ብጀምረውስ?

መልስ፦ እናቴ፣ በዚህ ዕድሜ አዲስ አይጀመርም። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑት ሁለቱን ሆርሞኖች አንድ ላይ ሲወስዱ የመርሳት በሽታ በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ታይቷል። ለአጥንትዎ ሌላ መድኃኒት ስላለ ስለ እሱ ሐኪም ያማክሩ። በመካከል እንደ ነገሩኝ አልፎ አልፎ ደም ጠብ የሚል ከሆነ ግን አጥንቱ ይቆይ፤ ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ትንሽም ቢሆን መመርመር አለበትና ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።