ባንክራፕሲ ልታደርጉ ካሰባችሁ ቤቱን በወንድም ስም አታዙሩ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ታሞ ከሥራ ቀርቷል፣ የሆስፒታሉና የክሬዲት ካርዱ ዕዳ ተደማምሮ ከአቅማችሁ በላይ ሆኗል። ባንክራፕሲ (ዕዳን በፍርድ ቤት በኩል ማሰረዝ) ብናደርግ ቤታችንን ይወስዱብናል ወይ፣ የዜግነት ማመልከቻችንስ ይበላሻል ወይ ነው ያልሽው። ወንድምሽ ደግሞ "ቤቱን ቶሎ በእኔ ስም አዙሩት" ብሏችኋል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አሜሪካ ቨርጂኒያ ቻፕተር 7 የሚባለውን፣ ያለ ክፍያ ፕላን ዕዳ የሚሰረዝበትን ባንክራፕሲ ፋይል አድርጌ (ለፍርድ ቤት አመልክቼ) ጨርሻለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከወንድምሽ ልጀምር። እባካችሁ እንዳታደርጉት። አስቦላችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ብዙ የአገራችን ልጆች የሚጎዱት በባንክራፕሲው ሳይሆን ከባንክራፕሲው በፊት በሚያደርጉት ነገር ነው። ትረስቲ የሚባል ሰው ይመደብላችኋል፣ ሥራው ንብረታችሁንና ወረቀታችሁን መመርመር ነው። ሕጉ ቢያንስ 2 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ያያል። ቤቱ ያለ ተገቢ ዋጋ ለዘመድ ተላልፎ ካገኘው ዝውውሩን ሊያፈርሰው ይችላል። በመጨረሻው 1 ዓመት ውስጥ ከአበዳሪ ለመደበቅ የተደረገ ከሆነማ ዕዳው ጭራሽ ሳይሰረዝላችሁ ሊቀር ይችላል። ቤቱም ሄደ፣ ዕዳውም ቀረ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ቤቱ በስማችሁ ቢቀመጥ ኖሮ ብዙ ጊዜ ሕጉ ራሱ ይጠብቀው ነበር። የሚታየው የቤቱ ሙሉ ዋጋ አይደለም። ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ገንዘብ ላይ የሞርጌጁ (የቤቱ ብድር) ቀሪ ይቀነሳል፣ የሚተርፈው የእናንተ ኢኩዊቲ ነው። ከዚያ ላይ እያንዳንዱ ስቴት "ይሄን ያህሉ አይነካም" ብሎ የሚተውላችሁ አለ። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ለመኖሪያ ቤት በጣም ለጋስ ናቸው፣ ሌላ ቦታ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የስቴታችሁን ልክ ከሎየር ጠይቁ። ኢኩዊቲያችሁ ከዚያ ካለፈ ቻፕተር 13 አለ። እሱ ላይ ቤቱን ይዛችሁ በፕላን ከ3 እስከ 5 ዓመት ትከፍላላችሁ። በየትኛውም ቢሆን ግን ቤቱን ለማቆየት ሞርጌጁን መክፈል ግድ ነው። መኪናም እንደዚያው፣ ባንኩ መኪናው ላይ ያለው መብት በባንክራፕሲ አይጠፋም።

ሁለተኛው የዘመድ ብድር ነው። እኛ ይሉኝታ አለብን፣ ባንኩ ይቅርና መጀመሪያ ለእህቴ ልመልስ እንላለን። ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት ባለው 1 ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተመለሰ ብድር ካለ ትረስቲው ያንን ገንዘብ ከእህትሽ ኪስ ሊጠይቅ ይችላል። ለሌላ አበዳሪ ከሆነ የሚታየው 90 ቀን ነው፣ ለዘመድ ግን ዓመት ሙሉ። ዕዳው ካለቀላችሁ በኋላ በራሳችሁ ፈቃድ ብትመልሱላት የሚከለክላችሁ የለም።

401ኬ (በሥራ ቦታ የሚጠራቀም የጡረታ ገንዘብ) ካላችሁ አውጥታችሁ ክሬዲት ካርድ እንዳትከፍሉበት። የጡረታ ገንዘቡን ሕጉ ይጠብቀዋል፣ ክሬዲት ካርዱ ደግሞ የሚሰረዝ ዕዳ ነው። ስንት ሰው የማይነካውን ገንዘብ አውጥቶ፣ ታክስና ቅጣት ከፍሎበት፣ ለሚሰረዝ ዕዳ አፈሰሰው! ይሄ ነገር ሁሌ ያናድደኛል።

አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ ከወንድም እህት ጋር ያልተከፋፈለ የውርስ ቤት፣ በውክልና የተያዘ ቦታ፣ ሁሉም ይጻፋል። ሕጉ የትም አገር ያለ ንብረት ይላል፣ የባንክራፕሲውን ፎርም የምትፈርሚውም በመሐላ ነው፣ መደበቅ ወንጀል ነው። ዕቁብም ይጻፋል። ጥለሽ ያልደረሰሽ ከሆነ የአንቺ ገንዘብ ነው፣ በልተሽ የሚቀርሽ ካለ ደግሞ ዕዳ ነው፣ ዳኛውም ሆነ አባላቱ እንደ አበዳሪ ይቆጠራሉ። ፋይል ካደረጋችሁ በኋላም በ180 ቀን ውስጥ ውርስ ቢደርሳችሁ ማሳወቅ አለባችሁ።

ብድር ስትወስዱ ሰው ኮሳይን ካደረገላችሁ (አብሯችሁ ከፈረመ) ቀድማችሁ ንገሩት። ቻፕተር 7 የሚያድነው እናንተን ብቻ ነው፣ ባንኩ በማግስቱ ወደ ፈረመላችሁ ሰው ነው የሚዞረው። ከማይሰረዙት ዋና ዋናዎቹ የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ዓመታት ታክስና አብዛኛው የተማሪ ብድር ናቸው። የሆስፒታልና የክሬዲት ካርድ ዕዳ ግን በዋናነት የሚሰረዘው እሱ ነው፣ የእናንተም ያው ነው።

ፋይል በተደረገ ሰዓት አበዳሪዎች ዕዳ ለማስከፈል የሚያደርጉት ነገር በአብዛኛው ይቆማል። እኔ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከደሞዜ እየተቆረጠ ነበር። ሎየሬ ወረቀቱን ለፔይሮል ላከ፣ ከሚቀጥለው ቼክ ጀምሮ ቆመ። ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኸው ስልክ ዝም አለ። የዚያን ቀን እንዴት እንደተኛሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰው የሚፈራው 341 የሚባለውን ስብሰባ ነው። ዳኛ የለም፣ ትረስቲው ነው የሚጠይቀው፣ አሁን አብዛኛው በዙም ነው። መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽን ታሳያለሽ፣ ትምያለሽ፣ ከዚያ "ፎርሙን አንብበሽ ነው የፈረምሽው? ንብረትሽ በሙሉ ተጽፏል? ለዘመድ የከፈልሽው አለ? ያዛወርሽው ነገር አለ?" ይልሻል። ጥቂት ደቂቃ ነው። ተራሽን ስትጠብቂ የሌላውን ሰው ጉዳይ ትሰሚያለሽ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ መኪናውን በአጎቱ ልጅ ስም አዙሮ ነበር። ትረስቲው ቀኑን ጠየቀው፣ ስንት እንደተቀበለ ጠየቀው፣ ዝም አለ። የእሱ ስብሰባ ሌላ ቀን ተቀጠረ፣ ወረቀት እንዲያመጣም ታዘዘ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በስልክ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ፣ ሎየራችሁ ቀደም ብሎ ያሳውቃቸው።

ችግር ካልመጣ ከስብሰባው 2 ወር ገደማ በኋላ የዕዳ ስረዛው ወረቀት ይመጣል። ክሬዲት ሪፖርት ላይ ቻፕተር 7 ፋይል ከተደረገበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ይቆያል፣ ቻፕተር 13 ብዙውን ጊዜ 7 ዓመት። አዎ ስኮሩ ይወርዳል፣ ቤት መከራየትም ለጊዜው ያስቸግራል። ግን ወራት ሙሉ ክፍያ ያለፈበት ሰው ስኮሩ ቀድሞም ወርዷል። እኔ ተቀማጭ ገንዘብ የሚያዝበት ካርድ አውጥቼ ቤንዚን ብቻ እየቀዳሁበት በየወሩ ሙሉውን እከፍል ነበር፣ ቀስ በቀስ ተነሳ። በኤፍ ኤች ኤ (መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው የቤት) ብድር ቤት ለመግዛት ዕዳው ከተሰረዘ በኋላ በአብዛኛው 2 ዓመት ነው የሚጠብቁት። በየሬዲዮው "ዕዳችሁን በግማሽ እናስቀንሳለን" የሚሉት ግን ይለያሉ። እነሱ ጋ የተቀነሰው ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ሊመጣበት ይችላል፣ በባንክራፕሲ የተሰረዘ ላይ አይመጣም።

ስለ ዜግነቱ፣ ባንክራፕሲ ማድረግ ብቻውን አይከለክልም። ማመልከቻው የሚጠይቀው ያልተከፈለ ታክስ አለ ወይ ብሎ ነው። የሚያበላሸው ፎርም ላይ መዋሸት ነው።

እንግዲህ አሁን ምንም ሳትሸጡ፣ ምንም ሳታዛውሩ፣ በካርዱም አዲስ ዕቃ ሳትገዙ የባንክራፕሲ ሎየር አናግሩ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ቀጠሮ በነፃ ያያሉ፣ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎችም አሉ። ፎርም ብቻ የሚሞላ ሰው ጋ አትሂዱ፣ የሕግ ምክር መስጠት አይችልም። ያለፉት 6 ወራት የደሞዝ ወረቀት ያዙ፣ ቻፕተር 7 ይገባችኋል አይገባችሁም የሚለው የሚለካው በዚያ ነው። የታክስ ወረቀታችሁን፣ የባንክ ስቴትመንታችሁን፣ የኮሌክሽን ደብዳቤዎቹን በሙሉ ያዙ፣ ያልተከፈቱትንም ጭምር። የቻፕተር 7 የፍርድ ቤት ክፍያ 338 ዶላር ነው፣ ካልቻላችሁ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይፈቀዳል። ከፋይሉ በፊት አንድ አጭር የምክር ኮርስ፣ ከፋይሉ በኋላም ሌላ አንድ መውሰድ ግዴታ ነው፣ ሁለቱም በኢንተርኔት ይሆናል። ወንድምሽ ከተጠራጠረ እሱም አብሮ ይምጣና ሎየሩን በራሱ አፍ ይጠይቀው።