ሳይወልዱ ያሳደጉትን ልጅ በሕግ የራስ ስለማድረግ
ከኮምቦልቻ የጠየቁን ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ከእናቷ ጋር ሳይጋቡ የሚያሳድጓትን፣ ከሌላ ሰው የተወለደች ልጅ «አባቷ ነኝ» ብለው ቢያስመዘግቡ ይበቃ እንደሆነ ነው። ልጅነትን መቀበል የሚባለው ሥርዓት የተዘረጋው ግን በእርግጥ ለወለደ ሰው ስለሆነ፣ እናትየዋ ብትስማማ እንኳ እውነቱን እያወቁ የሚሰጡት ቃል ነገ በውርስ ጊዜ መነታረኪያ ይሆናል፤ በሐሰተኛ ቃልም ሊያስጠይቅዎ ይችላል።

የደብተሩንም የሕክምናውንም ወጪ የቱንም ያህል ቢሸፍኑ ማሳደግ ብቻውን አባትነትን አያስገኝም (ለእኔ ይህ ከባድ ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ ይላል)። ለእርስዎ ክፍት የሆነው በር ጉዲፈቻ ነው፤ ውሉንም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ወላጅ አባቷ የሚታወቅና በሕይወት ያለ ከሆነ ፈቃዱ ስለሚጠየቅ፣ ከሁሉ በፊት በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ በአባት ስም ቦታ ማን እንደተጻፈ ይመልከቱ።