አዘዞ ላለው ወንድማችን፦ ግቢ ውስጥ አስፋልት ከማንጠፍህ በፊት ዋልካውን እንነጋገርበት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከውጭ በሩ እስከ መኪና ማቆሚያው 60 ካሬ የሚሆን መግቢያ አለህ። ቦታው አዘዞ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር መኪናው ጭቃ ውስጥ እየተቀረቀረ አስመርሮሃል። በጥቂት የቀን ሠራተኞች ራስህ አስፋልት ማንጠፍ ትችል እንደሆነና ውፍረቱ ስንት ቢሆን እንደሚበቃ ነው የጠየቅከው። ከሥር ብዙው ሰው "ይቻላል፣ በርታ" ብሎ አልፏል። አንዱ ደግሞ "ሬንጅ በበርሜል አቅልጥና ጠጠር ቀላቅልበት" ብሎሃል። እሱን እባክህ አትስማው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እኔ መንገድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም። በሰርቬየር ረዳትነት ጀምሬ ፎርማን ሆኜ ሠርቻለሁ። ጎንደር ውስጥም የአማቼን ግቢ ጨምሮ የተወሰኑ መግቢያዎችን አሠርቻለሁ፤ አንዳንዶቹ በአስፋልት፣ አንዳንዶቹ በኮብልስቶን ናቸው።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ቁፋሮውን፣ ሙሌቱንና የውሃ መውረጃውን ራስህ ትሠራዋለህ። ትኩሱን አስፋልት ግን ያለ ሮለር (መጠቅጠቂያ ማሽን) እና ሥራውን ያለ ለመደ ሰው አትንካው። ከገንዘብህም ትልቁ ድርሻ መሬት ውስጥ መግባት አለበት።

አዘዞ ስትል መጀመሪያ የመጣብኝ አፈሩ ነው። ከከተማው ወደ ደንቢያ ሜዳ በወረድክ ቁጥር ዋልካው፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ይበዛል። ኮረብታው ላይ ያሉ ሰፈሮች ትንሽ ሲቆፍሩ የበሰበሰ ድንጋይ ያገኛሉ፤ እነሱ እድለኞች ናቸው። አንተ ግን አፈርህን ፈትሸው። በጋ ላይ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያሻህም፣ ዋልካ ነው። ካልተሰነጠቀም ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍርና ከሥር ጭብጥ አፈር አውጣ። ውሃ ነካ አድርገህ በመዳፍህ እሸው። ከእስክሪብቶ ቀጭን ሆኖ ሳይቆረጥ እንደ ክር ከተጠቀለለልህ ሸክላነቱ ከፍተኛ ነው። እየተፈረፈረ እምቢ ካለህ ደስ ይበልህ።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከላዩ የምታነጥፈው አስፋልት 5 ሴንቲ ቢሆን ነው። አምስት ሴንቲ አስፋልት ደግሞ ይሄን ጉልበት አያሸንፍም። እኛ ሰፈር አንድ ጎረቤት ግቢውን ለአንድ ኮንትራክተር ሰጥቶ ነበር። ሰውዬው የላዩን ሣር ነቅሎ፣ ጠጠር በተን አድርጎ፣ አስፋልቱን ከላይ ጠቅጥቆበት ሄደ። ሲረከቡት መስታወት ነበር። አንድ ክረምት ቻለ። በሁለተኛው ክረምት ጎማ የሚሄድበት ሁለቱ መስመር ሰመጠ፣ መሐሉ አበጠ፣ ዳር ዳሩ ደግሞ ረጅም ስንጥቅ አወጣ። ስልክ ሲደወልለት "መኪናችሁ ከባድ ስለሆነ ነው" አለ አሉ። መኪናው ቪትስ ነው!

ስለዚህ ለአንተ ቦታ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ከመጨረሻው ከፍታ ወደ ታች 50 ሴንቲ እቆፍራለሁ። ከዚያ ውስጥ 30 ሴንቲው ገረጋንቲ (ጠጠር ያለበት የሙሌት አፈር) ነው፣ 15ቱ የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ 5ቱ አስፋልቱ ነው። ለ60 ካሬ ስታሰላው 30 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። አፈር ሲቆፈር ይነፋል፤ የምትጭነው ወደ 40 ሜትር ኩብ ስለሚጠጋ ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ሁለቴ ተኩል እንደማለት ነው። የት እንደሚደፋ ከመቆፈርህ በፊት ጨርስ። ጎረቤት አጥር ሥር ከከመርከው በኋላ ክረምት ቢመጣብህ ፀቡ አያልቅም። ገረጋንቲው ከተጠቀጠቀ በኋላ 18 ሜትር ኩብ መሆን ስላለበት ስታዝ ከ23 እስከ 24 እዘዝ። የተፈጨውም እንደዚሁ ለ9 ሜትር ኩብ 12 ይበቃሃል።

ገረጋንቲውን አንዴ ደፍተህ ከላይ ብቻ አትጠቅጥቀው። በ15 ሴንቲ፣ በ15 ሴንቲ ንብርብር ይሁን። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሮለሩ ላዩን ያጠነክረዋል፤ ከሥር ልቅ ሆኖ ይቀራል። ውሃውም ልክ አለው። ከገረጋንቲው ጭብጥ አድርገህ ጨመቅ አድርገው። ውሃ ጠብ ካለ በዝቷል፤ ፀሐይ ላይ ገልብጠህ አድርቀው። እጅህን ስትከፍት ወዲያው ከተበተነ ደርቋል፤ ውሃ ጨምርበት። ቅርፁን ይዞ ቆይቶ በጣት ነካ ስታደርገው ሁለት ሦስት ቦታ ከተከፈለ በቃ፣ ሮለሩን አስነሳው።

የተፈጨውን ድንጋይ ከጠቀጠቅክ በኋላ አንድ ፈተና አለ፤ አትዝለለው። አሸዋ የጫነ ገልባጭ ፈልግና በእርጋታ ወደ ግቢህ እንዲገባ አድርግ። አንተ ጎን ጎኑን እየሄድክ የኋላ ጎማውን ብቻ ተመልከት። መሬቱ ከጎማው ፊት እንደ ስፖንጅ ፍራሽ ወደ ላይ እየተነሳ ከኋላው የሚመለስ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ሥር እርጥብ ዋልካ ቀርቷል ማለት ነው። ምልክት አድርግበትና አውጣው። ከላይ ጠጠር መጨመር አይፈታውም። ጎማው ዱካ ብቻ ጥሎ ካለፈ ግን መሠረትህ ጨርሷል።

ውሃን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ግን አትናቀው። ጎንደር ክረምቱ ኃይለኛ ነው። መግቢያው ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሴንቲ መውረድ አለበት። ሁለት ካስማ፣ ሲባጎና ውሃ ልክ ለዚህ በቂ ነው። ግቢህ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ በሩ ሥር አቋርጦ የሚያልፍ የብረት ክዳን ያለው ቦይ አስቀምጥ። ያለበለዚያ የመንገዱ ጎርፍ አንተ ቤት ያድራል። ቦይህን ከከተማው ዲች (የመንገድ ዳር ቦይ) ጋር ለማገናኘት መጀመሪያ ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ጠይቅ፤ ዲቹን ደፍኖ በሩ ፊት መወጣጫ መሥራት ጎረቤትንም ያስከፋል። ሊማሊሞን ከወጣህበት ታስታውሳለህ፤ ጣሊያኖች ሲሠሩት ዳገቱን በድንጋይ ግንብ ይዘው፣ ውሃውን በቦይ መርተው ነው። መንገድ ሠሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚጣላው ከውሃ ጋር ነው።

ዳር ዳሩን በጠርዝ ድንጋይ ወይም በኮንክሪት ያዘው። አስፋልት ደጋፊ ከሌለው ከዳር መሰባበር ይጀምራል። ባሕር ዛፍ አጥሩ ሥር ካለህ ደግሞ አስብበት። ሥሩ የዋልካውን እርጥበት ይመጠውና መሬቱ ከዚያ በኩል ብቻ ይኮማተራል፤ ስንጥቁም በዛፉ ትይዩ ይወጣል። ሳልረሳው፦ ከመሸፈኑ በፊት አንድ ሁለት ባዶ ፕላስቲክ ቱቦ ከዚህ ወደዚያ አቋርጠህ ቅበር። ነገ የውሃ መስመር ወይም የበር መብራት ልሳብ ስትል ታመሰግነኛለህ።

አሁን ወደ አስፋልቱ። ትኩስ አስፋልት ከማምረቻው ሲወጣ 150 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሮለሩ ከ120 ሳይወርድ መጀመር፣ ከ80 ሳይወርድ መጨረስ አለበት። አምስት ሴንቲ ተዘርግቶ፣ የጎንደር ብርድ ያለበት ጠዋት ላይ፣ የሚሰጥህ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢሞላ ነው። በአካፋና በዶማ ከጥቂት ሠራተኛ ጋር 60 ካሬ ለብቻህ የማይሞከረው በዚህ ምክንያት ነው። ጫፉን ስታስተካክል መሐሉ ይደርቅብሃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሮለር ቢመላለስበት ድንጋዩን ከመፍጨት በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ከረፋዱ በኋላ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል አስመጣው።

የሚያስፈልግህ መጠን 7 ቶን ተኩል ገደማ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 60 ካሬ በ5 ሴንቲ 3 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አንዱ ሜትር ኩብ ሲጠቀጠቅ 2.4 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ትንሽ ለብክነት ጨምርበት። ችግሩ ለ7 ቶን ተብሎ ማምረቻ አይቀጣጠልም። ሰው የሚያገኘው ከተማ ውስጥ ወይም አካባቢው ላይ የመንገድ ሥራ ሲኖር፣ ከሥራው አስኪያጅ ጋር በሕጋዊ ደረሰኝ ተነጋግሮ ነው። "ከመኪና ላይ ላራግፍልህ" የሚል ሹፌር ከመጣብህ አትቀበል። ሌብነቱ አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ዞሮ ዞሮ የቀዘቀዘውን ነው የሚያራግፍብህ። ጥቂት ጭነት ደግሞ ከሙሉ መኪና ቶሎ ይበርዳል። ሁለት ሦስት ጎረቤት ተሰብስባችሁ በአንድ ቀን ብታነጥፉ መኪናውም ይሞላል፣ የሮለሩ ኪራይም ይከፋፈላል። የአማቼ ግቢ የተሠራው እንደዚያ ነው። እድር አብሮ ያለ ሰው አስፋልት አብሮ ማንጠፍ አያቅተውም።

ትኩሱ አስፋልት ከመምጣቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ የተፈጨው ድንጋይ ላይ ቀጭኑ ሬንጅ፣ ማለትም ኤምሲ 30 የሚባለው ይረጫል። ለአንድ ካሬ አንድ ሊትር ያህል ነው። አቧራው ተጠርጎ፣ ድንጋዩ ደረቅ ሆኖ ይሁን። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ጠጥቶ ይደርቃል። ዶሮና ሕፃን እንዳይገባ ዝጋው፤ ከገባ ሳሎንህ ድረስ ይመጣልሃል።

የሚዘረጉት ሰዎች አስፋልቱን በአካፋ እያስቀመጡ እንጂ እየወረወሩ አይሁን። ሲወረወር ትልልቁ ድንጋይ ለብቻ፣ ደቃቁ ለብቻ ይሆንና በኋላ ውሃ የሚያስገባ ቦታ ይፈጠራል። ለ5 ሴንቲ 6 ተኩል ሴንቲ ያህል ልቅ ይዘርጉ። ሮለሩ ከዝቅተኛው ዳር ጀምሮ ወደ ላይ ይምጣ። ከበሮው በውሃ ይርጠብ። በናፍጣ ሊያረጥቡ ሲሉ አስቁማቸው፤ ናፍጣ ሬንጁን ያሟሟዋል። በኋላም ግቢ ውስጥ ናፍጣ ቢንጠባጠብብህ ያው ነው።

የበርሜሉ ነገር። ሬንጅ በእንጨት እሳት አቅልጦ ጠጠር መቀላቀል ያየሁት አለ። ጠጠሩ ስላልደረቀና ስላልሞቀ ሬንጁ አይይዘውም። ወይ ይበዛና መጋቢት ላይ ፀሐይ ሲመታው ጫማ ላይ ይለጠፋል፣ ወይ ያንስና በእጅ ይለቀማል። ከሁሉ በላይ አደጋው ነው። የጋለ ሬንጅ ውስጥ ትንሽ ውሃ ከገባ አረፋ ደፍቆ ከበርሜሉ ይወጣል። ቀጭኑን ሬንጅ ደግሞ በውስጡ ነጭ ጋዝ ስላለ እሳት አጠገብ አታምጣው። ትኩስ አስፋልት ሥራ ላይም ቢሆን ረጅም እጅጌ፣ ወፍራም ሱሪ፣ የቆዳ ጫማና ጓንት ግድ ነው። ሬንጅ ቆዳ ላይ ካረፈ በቀዝቃዛ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ አቀዝቅዙት፤ አትላጡት። ሲላጥ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። በዚያው ወደ ሐኪም ቤት።

ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን መኪና አታስገባ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኪናው ቆሞ መሪ አታጣምም፤ ጎማው ይፍቀዋል። መወጣጫ እንጨት ወይም ክሪክ ስታቆም ከሥሩ ጣውላ አድርግ።

እውነቱን ልንገርህ ግን፣ ትኩስ አስፋልት በቅርብ የምታገኝበት መንገድ ከሌለ እኔ አንተን ብሆን ኮብልስቶን ነበር የማነጥፈው። ጥቁር ድንጋይ በአካባቢያችን ሞልቷል፣ ጠራቢና አንጣፊ ወጣቶችም አሉ። ቁፋሮው፣ ገረጋንቲውና ተዳፋቱ አንድ ነው፤ ከላይ አሸዋ ተነጥፎ ድንጋዩ ይደረደራል። ዋልካ ላይ ትልቁ ጥቅሙ ምን መሰለህ? አንድ ቦታ ቢሰምጥ ድንጋዩን ነቅለህ፣ ከሥር አስተካክለህ፣ ያንኑ ድንጋይ መልሰህ ትደረድራለህ። አስፋልት ሲሆን መቁረጥና መለጠፍ ነው፤ ልጥፉም ሁሌ ይታያል። ግቢህ ዳገት ካለበትም ኮብልስቶን ጎማ ይይዛል። ሚስቴ ሂል ጫማ ታደርጋለች ካልከኝ ግን ይሄን ምክር እኔ ሰጠሁህ እንዳትል።

ጊዜውን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ሥራው። መስከረም ላይ ዝናቡ ቢቆምም ዋልካው ከሥር ገና እርጥብ ነው። ቁፋሮውን ግንቦት ላይ እንዳትጀምር፤ የተከፈተ ጉድጓድ ይዘህ ሰኔ ከገባብህ ግቢህ ኩሬ ይሆናል።

በሩ ፊት ያለውን የመንገድ ዲችና ግቢውን ከበሩ ሆነህ አንሥተህ ፎቶ ለጥፍልኝ። አፈሩን አሽተህ ምን እንደሆነም ጻፍልኝ። ቦዩ በየት በኩል ቢወጣ እንደሚሻል ያን ጊዜ አይቼ እነግርሃለሁ።